ኢንሱሊን ለአዋቂ ታካሚ ሲሰጥ፦ ከብልቃጡ እስከ ቆዳው፣ ከዚያም በኋላ

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ አንድ ቀን ከፍ፣ ሌላ ቀን ዝቅ ሲል ቤተሰብም ባለሙያም ፈጥኖ የሚጠረጥረው የታዘዘውን መጠን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው አሰጣጡ ላይ ነው። መጠኑ ይቀየር ከማለትዎ በፊት ብልቃጡን፣ ሲሪንጁንና የሚወጋበትን ቆዳ ይመርምሩ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ አሰጣጡ ግን በአስታማሚውና በነርሷ እጅ ነው።

መጀመሪያ ስኳሩን ይለኩ። ታካሚው እጁን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያድርቅ። ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ውጤቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል፤ በዚያ ቁጥር ተመርቶ ተጨማሪ ኢንሱሊን መስጠት ደግሞ ሰውን ራሱን እስከማሳት ያደርሳል። ሲበሱ የጣቱን ጫፍ መሃል ትተው ጎኑን ይብሱ፤ ሕመሙ ይቀንሳል። ውጤቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ መርፌውን ያቆዩና በቅድሚያ የወረደውን ስኳር ከፍ ያድርጉ፤ አደራረጉ ከታች ተገልጿል።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ስለማይታመን ይጣላል። የተከፈተው ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በክፍል ሙቀት ሊቆይ ይችላል፤ አብዛኛው ዓይነት ለ28 ቀን ያህል ያገለግላል። ስለዚህ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ።

ሲሪንጁን ከብልቃጡ ጋር ያመሳክሩ። ብልቃጡ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ ሲሪንጁም ለ100 የተሠራ መሆን አለበት። ለ40 በተሠራ ሲሪንጅ 20 መስመር ድረስ ቢቀዱ ወደ ሰውነት የሚገባው 50 ዩኒት ነው።

ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን በአንድ ሲሪንጅ መቀላቀል ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ ትእዛዙ 10 ዩኒት ሬጉላር የተባለ ፈጣን ኢንሱሊንና 20 ዩኒት ኤንፒኤች የተባለ መካከለኛ ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ነው እንበል። ሬጉላሩ ጥርት ያለ፣ ኤንፒኤቹ ደፍረስ ያለ ነው። ኤንፒኤቹን በመዳፍዎ መካከል 10 ጊዜ ያህል ያንከባሉ፣ 10 ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይገልብጡ፤ በኃይል አይነቅንቁት። የሁለቱንም ክዳን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ። 20 ዩኒት አየር ወደ ኤንፒኤቹ ያስገቡና ምንም ሳይቀዱ መርፌውን ያውጡ። 10 ዩኒት አየር ወደ ሬጉላሩ ያስገቡ፣ ብልቃጡን ገልብጠው 10 ዩኒት ይቅዱ፣ የአየር አረፋ ካለ ያስወግዱ። ከዚያ ወደ ኤንፒኤቹ ተመልሰው 30 መስመር ድረስ ይሳቡ። ከ30 ካለፈ ትርፉን ወደ ብልቃጡ አይመልሱ፤ ሲሪንጁ ውስጥ ያለው የተቀላቀለ ስለሆነ ሁሉንም ጥለው እንደገና ይጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባና ኤንፒኤች ወደ ሬጉላሩ ብልቃጥ ከገባ፣ ፈጣኑ ኢንሱሊን ከዚያ በኋላ ይዘገያል። ግላርጂን (ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን) ከሌላ ኢንሱሊን ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ሬጉላር ያለበት መርፌ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይሰጣል፤ ምግቡ መድረሱን ሳያረጋግጡ አይውጉ።

የሚወጋው ሆድ ላይ (ከእምብርት ሁለት ጣት ርቆ)፣ የጭን ውጫዊ ጎን፣ የላይኛው ክንድ ጀርባ ወይም መቀመጫ ላይ ነው። ከሆድ ፈጥኖ፣ ከጭንና ከመቀመጫ ዘግይቶ ወደ ደም ይገባል፤ ስለዚህ ጠዋት ሆድ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ሆድ ላይ ይቆዩ፤ ነጥቡን ግን በየቀኑ ቢያንስ በአንድ ጣት ስፋት ያርቁ። 8 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ መርፌ ቆዳውን በሁለት ጣት አንሥተው ይያዙ፤ ቀጭን ሰው ከሆነ በ45 ዲግሪ ያስገቡ። ጡንቻ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ከተጠበቀው በላይ ይፈጥናል። በኢንሱሊን ብዕር (ብዕር በሚመስል መወጊያ) የሚሰጥ ከሆነ ቁልፉን ተጭነው እስከ 10 ቆጥረው ይንቀሉ። የተወጋውን ቦታ አይሹት።

በእያንዳንዱ ጉብኝት ቆዳውን በጣትዎ ይዳብሱ። በተደጋጋሚ የተወጋ ቦታ ስብ አብጦ ይጠጥራል። ስለማያም ታካሚው እዚያው መወጋት ይመርጣል፤ ኢንሱሊኑ ግን ከእብጠቱ አንዴ ዘግይቶ፣ አንዴ በርከት ብሎ ይወጣል። ቦታውን ሲቀይሩ ለሐኪሙ ያሳውቁ፣ ስኳሩንም ቶሎ ቶሎ ይለኩ፤ ጤነኛ ቆዳ ላይ ያው መጠን ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ረሃብ፣ መነጫነጭ ወይም ግራ መጋባት ከታየ ስኳሩ ወርዷል ብለው ያስቡ። ታካሚው መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ስኳር ይስጡት፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው፣ ወይም 120 ሚሊ ሊትር ያህል ስኳር ያለው ለስላሳ መጠጥ። ቸኮሌት አይሆንም፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨምሩ። በጎኑ ያስተኙት፣ ካለ 1 ሚሊግራም ግሉካጎን (ስኳርን ከፍ የሚያደርግ መርፌ) ይውጉት፣ አምቡላንስ ይጥሩ። ግሊቤንክላሚድ (ስኳርን የሚያወርድ ክኒን) የሚወስድ ሰው፣ በተለይ አረጋዊ ወይም ኩላሊቱ የደከመ፣ ነቅቶ ጥሩ ቢመስልም ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል በጤና ተቋም መቆየት አለበት።

ታካሚው ትኩሳት ወይም ማስመለስ ሲይዘው “ምግብ አልበላም” ተብሎ ኢንሱሊኑ በሙሉ መቆሙ አደገኛ ነው። ሕመም ራሱ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ረጅም ጊዜ የሚሠራውን ኢንሱሊን ማቋረጥ፣ በተለይ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ላለበት ሰው፣ ወደ ኬቶአሲዶሲስ (በኢንሱሊን እጥረት ደም ውስጥ አሲድ ወደሚከማችበት አደገኛ ሁኔታ) ይወስዳል። በየ4 ሰዓቱ ይለኩ፣ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ይስጡ፣ ስለ መጠኑ ሐኪሙን ይጠይቁ። ማስመለሱ ካልቆመ፣ ሆዱን ካመመው፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ ወይም የፍራፍሬ ሽታ ካመጣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።