ጥንታዊ ቤት ውስጥ ኢንተራክቲቭ ኢንስታሌሽን (ለሰው እንቅስቃሴ ምላሽ የሚሰጥ የጥበብ ስራ) ስትሰሩ ላይቱ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ ጋለሪ ውስጥ ግድግዳው ቢበላሽ ቀለም ይቀባል ያልቃል። የቆየ አዳራሽ ውስጥ ግን ግድግዳው ራሱ ቅርስ ነው፣ ስዕሉም መጋረጃውም ጣራው ላይ ያለው ወርቅ ቅብም ከናንተ ስራ በፊት የነበሩ፣ እናንተ ነቅላችሁ ከሄዳችሁ በኋላም መቆየት ያለባቸው ነገሮች ናቸው።

በጣም የሚያሳስበኝ ስህተት ብርሃን ራሱ ጉዳት እንደሚያደርስ ሳያስቡ ዲዛይን ማድረግ ነው። ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም አይመለስም፣ ጉዳቱም ይጠራቀማል፤ በ100 ሉክስ (ሉክስ አንድ ነገር ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) 1 ሰዓት ማብራትና በ50 ሉክስ 2 ሰዓት ማብራት ጨርቁ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ያው ነው። ሙዚየሞች ለጨርቅ፣ ለወረቀትና ለውሃ ቀለም ስዕል ወደ 50 ሉክስ፣ ለዘይት ቀለም ደግሞ ወደ 200 ሉክስ የሚወስኑት ለዚህ ነው። «ኤልኢዲ ስለሆነ ችግር የለውም» የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነት፣ አልትራቫዮሌቱ ከሞላ ጎደል የለም፣ የሚታየው ብርሃን ግን በተለይ ሰማያዊው ቀለም ማደብዘዙን አይተውም። እና ደስ የሚለው ነገር ኢንተራክቲቭ መሆኑ ራሱ መፍትሄ መሆኑ ነው! ሴንሰሩ ሰው ሲጠጋ ብቻ እንዲያበራ ካደረጋችሁት ቤቱ 8 ሰዓት ክፍት ውሎ ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን የ2 ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ሰው እንዲስብ ብሎ ባዶ ክፍል ውስጥ ሙሉ ላይት ለቆ ይተወዋል።

50 ሉክስ ያንሳል የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መግቢያውን ረስቶት ነው። ከጸሀይ የገባ አይን ጨለማውን እስኪለምድ ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከበሩ ጀምሮ ብርሃኑን ቀስ በቀስ እያወረዳችሁ አምጡት፣ ያኔ ያው 50 ሉክስ በቂ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሌላው ሴንሰሩን አንድ ሰው ላይቱን ሌላ ሰው ለየብቻ መስራታቸው ነው። በኢንፍራሬድ የሚሰራ ዴፕዝ ካሜራ (ርቀት የሚለካ ካሜራ) ከሆነ ሃሎጅን አምፖልና የመስኮት ጸሀይ ያሳውሩታል፣ ተራ ካሜራ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ ላይት ሲቀያየር ሰው ተንቀሳቀሰ ብሎ ያስብና ላይቱን መልሶ ይቀይረዋል፣ ማንም የሌለበት ክፍል በራሱ ሲበራ ሲጠፋ ይውላል። ማታ ብቻ ሞክራችሁ አትክፈቱ፣ ጸሀይ በመስኮቱ በምትገባበት ሰዓትም ሞክሩት።

ዲሚንግም (ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ማድረግ) አለ። ላይቱ የሚቀበለው ትዕዛዝ 8 ቢት ከሆነ ከጨለማ እስከ ሙሉ ብርሃን ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው፣ ብርሃኑ ዝቅ ሲል ከደረጃ ደረጃ ሲዘል በአይን ይታያል፣ እዚህ ቤት ደግሞ የምትሰሩት ሁሌም ዝቅ ባለው ብርሃን ነው፣ ስለዚህ ደረጃው በጣም የበዛ፣ 16 ቢት የሚቀበል ላይት ፈልጉ። ሲበራ ለሰውየው እንቅስቃሴ ወዲያው ይመልስ፣ ሲጠፋ ግን ቀስ ይበል። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም ማድረግ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥል ስለሚችል ጭራሽ አታስገቡት።

መብሳት የለም፣ ቴፕም የለም፣ ቴፑ ሲነሳ የድሮውን ቀለም ይዞት ይነሳል። በራሱ የሚቆም ስታንድ ተጠቀሙ። ጨረሩ እንዲታይ ተብሎ የሚለቀቀው ጭስም ስዕሉ ላይ ቅሪት ይተዋል፣ እኔ ብሆን ያለሱ ነው የምሰራው። ወርቅ ቅብ ላይ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የተቀላቀለ ነጭ አታሳርፉ፣ የወርቁ ድምቀት ይሞታል፣ ሲአርአይው (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) ከ90 በላይ የሆነ 2700 ኬልቪን አካባቢ ያለ፣ ማለትም ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ለብቻው ነጭ ላይት አድርጉለት።

ኮምፒውተሩ ሀንግ ሲያደርግ ምን እንደሚሆንም ቀድማችሁ ወስኑ። ብዙ በዲኤምኤክስ (ከኮምፒውተሩ ወደ ላይቱ ትዕዛዝ በሚያደርስ ሲግናል) የሚሰሩ ላይቶች ሲግናል ሲቋረጥ የመጨረሻውን ትዕዛዝ ይዘው ይቆያሉ፣ ማታ ሙሉ በርተው እያለ ከተቋረጠ እስከ ጠዋት መጋረጃው ላይ ይበራሉ። ሴቲንጋቸውን ሲግናል ሲጠፋ እንዲጠፉ አድርጉት፣ የመውጫ በርና የደረጃ ላይቶች ግን ከዚህ ሲስተም ውጪ በራሳቸው መስመር ይሁኑ።