ሲሳብ ዝም ብሎ ለሚተረተር ጥቅል ሶፍት

አንድ ቅጠል ፈልጋችሁ ስትስቡት ጥቅሉ ሽክርክር ብሎ መሬት ድረስ ይተረተራል? መያዣው ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አጋድሙትና በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። መሃሉ ያለው የካርቶን ቱቦ ትንሽ ሞላላ ይሁን፤ አትጨፍልቁት።

ክብ ቱቦ ዘንጉ ላይ እንደልቡ ይሽከረከራል፤ የሚያቆመው የለም። ሞላላው ግን በየዙሩ ዘንጉ ላይ ያዝ ይላል። ያቺ ትንሽ መያዝ እንደ ፍሬን ታገለግላለች። ወረቀቱ ለመቀደድ ከኋላ የሚይዘው ነገር ይፈልጋላ! አሁን በተበሳሳው መስመር ላይ በአንድ እጅ ይቆረጥላችኋል። ሌላው እጃችሁ ዘይት ነክቶት ሲሆን ይህ በጣም ይጠቅማል።

ግድግዳ ላይ ለሚገጠመው ዝግ ሳጥን፣ በተለይ በሴንሰር ለሚሠራው፣ ይህን አታድርጉ። እዚያ ጥቅሉ እኩል መዞር አለበት፤ ቱቦው ከተጣመመ ወረቀቱ ሊቀረቀር ይችላል።