ከተዋበች ወደ ትዋብ፦ የአያትን ስም ለሴት ልጅ ማደስ

ልጄ ትዋብ ትባላለች። ስሙን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ከአያቴ የመጣ ነው። ደብረ ብርሃን ያሳደገችኝ አያቴ ተዋበች ትባል ነበር። እኔ እምዬ ነበር የምላት። ልጄ ከመወለዷ አራት ወር ቀደም ብሎ አረፈች። ሴት ከሆነች ስሟን አወጣላታለሁ ብዬ ለቅሶው ላይ ቃል ገባሁ። ልጄ ተወልዳ ታቅፌያት "ተዋበች" ስላት ግን ስሙ ትልቅ ሰው ሆነብኝ። ነጠላ ለብሳ፣ መቋሚያ ይዛ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት ነው የታየችኝ። መተውም አልቻልኩም።

ለምን እንዳልቻልኩ ልንገራችሁ። እኛ አገር ልጅ ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን፣ ከዚያ የአባቱን አባት ስም ይይዛል። የወንድ ስም በዚህ መንገድ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ወረቀት ላይ ይቆያል። የሴት ስም ግን አብሯት አፈር ይገባል። እምዬ ሰባት ልጅ ወልዳለች፤ የልጅ ልጆቿ ከሃያ እንበልጣለን። በአንዳችንም መታወቂያ ላይ ተዋበች የሚል ቃል የለም። የሴት አያት ስም የሚተርፈው አንድ ሰው አንስቶ ለሕፃን ሲሰጠው ብቻ ነው።

እናም እናንተም የአያታችሁን ስም ማትረፍ አስባችሁ፣ ግን ለዛሬ ልጅ ያረጀ ከመሰላችሁ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ላሳያችሁ።

ከሁሉ በፊት የስሙን ታሪክ ጠይቁ። የድሮ ስም ያለ ምክንያት አይወጣም። ጎረቤቴ የአያቷን ስም፣ ምትኬን፣ ለልጇ ልታወጣ ተዘጋጅታ ነበር። እናቷን ስትጠይቅ፣ አያትየዋ ምትኬ የተባለችው ከእሷ በፊት ተወልዳ በሞተች እህቷ ምትክ ነው። ያንን ሐዘን ለአራስ ልጅ ማሸከም አልፈለገችም። የአያቷ የክርስትና ስም ወለተ ማርያም ስለነበር ልጇን ማርያማዊት አለቻት። የድሮ ሴት አንድ ስም ብቻ ላይኖራት እንደሚችል አትርሱ። የክርስትና ስም አላት፣ የቤት ስም አላት። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላት ነበር። ዋናው ስም አልሆን ካላችሁ ሌሎቹን ፈልጉ። የምታውቀው አሮጊት በሕይወት ሳለች ጠይቁ።

ቀጥሎ ስሩን ፈልጉ። ይሄ ነው ትልቁ ሥራ። ብዙው የድሮ የሴት ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ወርቅነሽ ማለት "አንቺ ወርቅ ነሽ" ማለት ነው። አበበች "አበባ አወጣች"፣ ታደለች "ዕድል አገኘች"። እታገኘሁ ደግሞ "እኅት አገኘሁ"። ስሙን ያረጀ የሚያስመስለው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ነው፤ "ነሽ" ወይም "ች"። ውስጡ ያለው ቃል አላረጀም። መጨረሻውን አንስታችሁ ከዚያው ቃል ሌላ ቅርጽ አውጡ። ከታደለች ዕድላዊት ይወጣል። ከክብርነሽ ክብርት ወይም ክብረት። ከደመቀች ድምቀት። ከአበበች አበባ። ብርቅነሽ ብርቅ ብትባል ምን ይጎድላታል? ሙሉነሽን ወደ ግዕዙ ብትወስዷት ምልእት ትሆናለች፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ስሩ ካልተመቸ በትርጉም ተሻገሩ። ደስታ የምትባል አያት ሐሴት የምትባል የልጅ ልጅ ቢኖራት ሁለቱም አንድ ነገር ይላሉ። ሐሴት ዛሬ የምንሰማው ስም ነው፤ ቃሉ ግን ከደስታ አያንስም፣ ይበልጣል እንጂ።

እኔ ተዋበችን ይዤ ከባለቤቴ ጋር አንድ ሳምንት ተቀመጥን። ውቢት፣ ውብነሽ፣ ውባለም፣ ውበት፣ ምንትዋብ፣ ትዋብ ብለን ጻፍን። ውብነሽና ውባለም ከተዋበች እኩል የቆዩ ናቸው። ውበት ያምራል፤ ግን በየመንገዱ "የውበት ሳሎን" የሚል ታፔላ አለ። ባለቤቴ ውቢትን ወደደ። እኔ ምንትዋብ ላይ ልቤ ቀረ። የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ፣ የአፄ በካፋ ባለቤት፣ የቁስቋምን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ናት። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነው። ሕዝቡ የሚያውቃት ግን ምን ትዋብ፣ ምንኛ ታምር በሚለው ስሟ ነው። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የበራው። "ትዋብ" እዚያው ውስጥ አለ። ተዋበች ያለፈ ነገር ትናገራለች፤ አምራለች፣ ተውባለች። ትዋብ ደግሞ የወደፊቱን ትመኛለች። እምዬ ተዋበች፤ ልጄ ትዋብ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልፈለግንም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስሙን እንደ ጨርቅ እየቆረጣችሁ አትቀጥሉ። አንዳንድ ሰው ከአያቱ ስም የመጀመሪያውን ፊደል ይወስድና እንግዳ ድምፅ ይቀጥልበታል። ለተዋበች "ቲና" ያሉኝ ነበሩ። ቲና ውስጥ እምዬ የለችም። "ዊት"ንም በየቃሉ ላይ አትለጥፉ። ብርሃናዊት ትርጉም አላት፤ "የብርሃን የሆነች" ማለት ናት። ግስ ላይ ግን አይሄድም፤ ተዋባዊት ብሎ ስም የለም። እጠራጠራለሁ ካላችሁ አንድ የቅኔ ተማሪ ወይም የአማርኛ መምህር ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሳይነኩ መተው ያለባቸው ስሞችም አሉ። ጣይቱን ማን ያድሳታል? አልማዝም፣ ፀሐይም፣ ዘውዲቱም እንዳሉ ይቆዩ። ሰው "አረጀ" የሚለው ስም እኮ አንድ ሕፃን ሲጠራበት ባንድ ጊዜ ወጣት ይሆናል።

ከመወሰናችሁ በፊት ስሙን ፈትኑት። እኔ በር ላይ ቆሜ "ትዋብ! ነይ ግቢ!" ብዬ ጮኬ ሞክሬዋለሁ። እንደ መምህር ከአባቷ ስም ጋር አነበብኩት። ይሄ ቀላል አይምሰላችሁ። የእኛ ስሞች ሁለት ሲሆኑ ይነጋገራሉ። ሐሴት ግሩም ስም ነው፤ አባትየው ዘገየ ከሆነ ግን "ሐሴት ዘገየ" ሆኖ ልጅቱ ዕድሜ ልኳን ታስረዳለች። ደግሞ ማጥበቅና ማላላቱን አስቡ። ትዋብ ሲባል "ዋ" ጠበቅ ይላል። ጽሑፉ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አስተካክላችሁ ጥሯት፣ ሌላውም እናንተን ይከተላል።

ቤተሰቡን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እኔ እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ። ለአማቴ ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸውም ደስ አላቸው። ታላቅ አክስቴ ግን ከሰው ሰማች። "የእናቴን ስም ቆረጣችሁት አሉ" ብላ ለሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም። እውነቷን ነው፤ ስሙ ከእኔ በፊት የእሷ እናት ስም ነው። ቀድሜ ቤቷ ሄጄ "እትዬ፣ እንዲህ አስቤያለሁ፣ ምን ትይኛለሽ?" ማለት ነበረብኝ። በኋላ ሄድኩ። ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀምጬ ስሙን ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየች። "ትዋብ…" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ግንባሯን ሳመቻትና "ትዋብ፣ ትደግ፣ እሰይ!" አለች። ስሙ ምርቃት መሆኑን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ስሙን በጠራች ቁጥር ትመርቃታለች።

የክርስትና ስምም ትልቅ ዕድል ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። የአያታችሁን የክርስትና ስም ለልጃችሁ ከፈለጋችሁ ቄሱን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ፤ በዕለቱ ጥድፊያ ላይ አይሆንም። እምዬ ወለተ ሥላሴ ነበረች። ልጄም ወለተ ሥላሴ ሆነች። እዚህኛው ላይ ምንም አልቀየርንም።

ከዚያ ምዝገባው አለ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ስሙን ክርስትናው ድረስ ካቆያችሁት የሚተርፋችሁ አሥር ቀን ብቻ ነው። እኛ ለጥቂት ነው የደረስነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፉንም ቤት ወስናችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። የእኛ ልጅ የክትባት ካርድ ላይ ስሟ በሌላ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ለማስተካከል ሦስት ቀን ተመላልሰናል። ካርዱ፣ የልደት ሰርተፍኬቱ፣ ኋላም ፓስፖርቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ የአገሩ ሰው እንዲያነበው አድርጋችሁ ሞክሩት፤ አንዲት ፊደል ብትቀየር ድምፁ ይጠፋል። ሰርተፍኬቱ ሲሰጣችሁ መስኮቱ ላይ እንደቆማችሁ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ፈርሙ።