ሁዳዴ ሳይገባ ከተኳረፍነው ሰው ጋር እንዴት እንታረቅ?

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልተነጋገርንም ነበር። እሱ ሜሪላንድ፣ እኔ አዲስ አበባ። የታረቅነው ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «እንዴት ጀመርሽው?» ብሎ ጠይቆኛል። የሥራ ባልደረባዬ ከእህቷ ጋር፣ ጎረቤቴ ከልጇ ጋር ተኳርፈዋል። ለእነሱ በቃል የነገርኳቸውን ለእናንተም ልጻፈው።

ጸቡ የተነሣው እንዲህ ነው። አባታችን ሲያርፍ ወንድሜ መምጣት አልቻለም። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና አላለቀለትም ነበር፤ ከወጣ መመለሻ የለውም። ገንዘብ ላከ። ድንኳኑን፣ እንጀራውን፣ የአርባውን ተዝካር ሁሉ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ተዝካሩ እንዳለፈ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የወጪውን ዝርዝር ብታስቀምጪው ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። ወዲያው መለስኩለት፦ «ቀብር ላይ ያልቆመ ሰው ሂሳብ አይጠይቅም።»

አክስቶቻችን አነበቡት። የአጎት ልጆች አነበቡት። እሱ ምንም ሳይል ከግሩፑ ወጣ። እኔ ደግሞ ብሎክ አደረግኩት።

መጀመሪያ የራሳችሁን መስመር ፈልጉ

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» የሚልበት ቦታ አለ። እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ማለት ነው። ሕዝቡ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ ይነሣሳል። አንድ እሁድ አጠገቤ ለቆመች ለማላውቃት ሴት ጎንበስ አልኩ። እሷም ለእኔ። ቀና ስል ወንድሜ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ለማላውቃት ሴት የሰጠሁትን ሰላምታ የእናቴን ልጅ ከልክዬዋለሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «የሆነውን ጽፈሽ አምጪ» አሉኝ። የደብተር አንድ ገጽ ተኩል ሞልቼ ሄድኩ። አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ሰጡኝና «አንቺ ያደረግሽውን ብቻ አስምሪበት» አሉ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የተሰመረበት አንድ መስመር ብቻ ሆነ። ሌላው በሙሉ የእሱ ጥፋት ዝርዝር ነበር። እሱ እንዲህ አለ፣ እሱ ድሮም እንዲህ ነው፣ እናታችንም ለእሱ ታደላ ነበር።

እናንተም ጻፉት። በስልክ ሳይሆን በወረቀት። ሁሉንም አውጡት፤ አትቆጥቡ። በማግስቱ እስክሪብቶ ያዙና የራሳችሁን ብቻ አስምሩ። ይቅርታ የምትጠይቁት በዚያ መስመር ነው። ወረቀቱን ለማንም አታሳዩ፤ ሥራውን ሲጨርስ ቀዳድዳችሁ ጣሉት።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተናገረውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። «እንግዲህ መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም አንዳች በአንተ ላይ ወንድምህ እንዳለው ብታስብ» ይላል። ሁልጊዜ የሚሰማኝ «አንተ በወንድምህ ላይ ቂም ካለህ» እንደሚል ሆኖ ነበር። ቃሉ ግን ወንድምህ በአንተ ላይ ካለው ነው የሚለው። ማን ትክክል እንደሆነ አልጠየቀም። እሱ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ካወቅህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ ነው የሚለው። ይህን ካየሁ በኋላ «እሱ ይጀምር» የሚለው ሐሳቤ መቆሚያ አጣ።

«ግን» የምትለዋ ቃል

ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። አረፍተ ነገሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የተለማመድኩት ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ነው። እንዲህ ወጣ፦ «ጋሼ፣ ቀብር ላይ ያልቆመ ያልኩህ ልክ አልነበረም፣ ግን አንተም በሰው ሁሉ ፊት ሂሳብ መጠየቅህ...»

እዚህ ላይ አቆምኩ። «ግን» ከማለቴ በፊት ይቅርታ ነበር። «ግን» ካልኩ በኋላ እንደገና ክስ ሆነ። ሰሚው የሚይዘው ደግሞ ሁልጊዜ የኋለኛውን ነው።

«ግን» ብቻዋን አይደለችም። እህቶች አሏት። «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» የሚለው አለ። «ካ» የምትለዋ ፊደል ጥፋቱ መኖሩን ትጠራጠራለች፤ መቀየሙን የእሱ ችግር ታደርገዋለች። «ሁላችንም አጥፍተናል» አለ። ጥፋትን ለሁሉም አከፋፍሎ ራስን ቀለል ማድረጊያ ነው። «ያለፈው አለፈ፣ እንተወው» አለ። ይሄ የተበዳዩ ቃል ነው፤ በዳይ ሊለው አይገባም።

በሉቃስ 15 የጠፋው ልጅ ወደ ቤቱ ከመነሣቱ በፊት የሚለውን ተለማምዷል። «አባቴ ሆይ፥ በሰማይና በፊትህ በደልሁ» ነው ያለው። ረሃቡን እንደ ምክንያት አላቀረበም። ታላቅ ወንድሙን አላነሣም። እኔም ከዚያ ተማርኩና የራሴን አሳጠርኩት፦ «ጋሼ፣ መምጣት እንደማትችል እያወቅኩ፣ በሰው ፊት በዚያ ወጋሁህ። በድያለሁ። ይቅር በለኝ።» ሦስት አጭር አረፍተ ነገር። አሥር ጊዜ ያህል ለብቻዬ አልኩት። በሦስተኛው ላይ ድምፄ መሰበሩን አላቆመም፤ ተውኩት።

ስለ ሰዓቱና ስለ መንገዱ

በጽሑፍ ይቅርታ አትጠይቁ። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ ያዘነ ሰው በራሱ ድምፅ ያነበዋል። የበዓል ዕለት «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል የአበባ ሥዕል መላክም እርቅ አይደለም። ብዙዎቻችን እንደዚያ እናደርጋለን። ከዚያ «እኔ እኮ ልኬለታለሁ፣ እሱ ነው ያልመለሰው» እንላለን።

በግሩፕ ላይም አይሆንም። ማቴዎስ 18፥15 «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» ይላል። የኛ ጸብ ያደገው ሰው ስላየው ነው። ወንድሜ ያን ጥያቄ በግል ቢልክልኝ ዝርዝሩን ያን ማታ እልክለት ነበር።

ቅርብ ያለ ሰው ከሆነ በአካል ሂዱ። ሩቅ ያለ ከሆነ መጀመሪያ አጭር መልእክት ላኩ። እኔ ብሎኩን ከፈትኩና ይህን ብቻ ጻፍኩ፦ «ጋሼ፣ ድምፅህን መስማት ፈልጌ ነው። መቼ ልደውል?» ሁለት ቀን አልመለሰም። ሁለቱን ቀን አልጻፍኩለትም። በሦስተኛው «እሁድ» ብሎ ላከ። በዚያ ወቅት በእኛና በእነሱ መካከል ስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ እኩለ ቀን ነው። ሌሊት ሠርቶ የገባ ሰው ተኝቶ የሚነሣበት ሰዓት ስለሆነ መረጥኩት። የደከመን ሰው ይቅርታ አትጠይቁት፤ አቅም የለውም።

የተዘጋጀሁትን ተናገርኩና ዝም አልኩ። ይህን አደራ እላችኋለሁ፦ ከተናገራችሁ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ይጨንቃል፤ በወሬ ለመሙላት ያስቸኩላል። አትሙሉት። እኔ ዝም ስል እሱ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገረ። የአባታችን ቀብር ዕለት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። የአጎታችን ልጅ በቪዲዮ እያሳየው፣ ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ኔትወርኩ ተቆረጠ። መኪና የሚያስረክበው ሰው መስኮቱን እያንኳኳበት ነበር። እንባውን ጠርጎ ቁልፉን ተቀበለ። ይህን ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር።

ከዚያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለኝ። እኔም አልኩት። ይህን ቃል በአፍ አውጥታችሁ ተባባሉት። «እሺ በቃ» አይበቃም። አባቶቻችን ድንጋይ ተሸክመው፣ ጉልበት ስመው የሚጠብቋት ቃል ናት። በስልክም ቢሆን ስትባል ከትከሻ ላይ የሚወርድ ነገር አለ።

ገንዘብ ካለበት

የገንዘቡን ነገር በይቅርታው ቀን አታንሡ፤ ግን ደግሞ አትተዉት። ሳይነካ ያደረ ሂሳብ በሚቀጥለው ለቅሶ ወይም ሰርግ ይነሣል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል በአንደበቱ ብቻ አልቆመም፤ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። እኔ በሳምንቱ የድንኳኑን፣ የእህሉንና የዘይቱን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ደረሰኝ የሌለውን በእጄ ጻፍኩ። ከላከው 1,150 ብር ተርፎ ነበር፤ ያንንም ነገርኩት። «ለነዳያን ስጪው» አለ። ሰጠሁ።

በኋላ ደግሞ፣ እሱ እሺ ካለ በኋላ ብቻ፣ ግሩፑ ላይ ተመልሼ «ለወንድሜ የጻፍኩት ስህተት ነበር» ብዬ አስቀመጥኩ። በአደባባይ የተወጋ ሰው በአደባባይም መካስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሽማግሌ መቼ?

ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትነጋገሩ ሁልጊዜ የሚፈነዳ ከሆነ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሁለታችሁም የምታከብሩት፣ ነገር የማያመላልስ ሰው ይሁን። ሁለቱን ወገን ለየብቻ የሚሰማ ይሁን። ገና ቁጭ ሳይል «ተዉት፣ ተሳሙና ጨርሱ» የሚል ሽማግሌ ቁስሉን ሸፍኖ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። የሚደበድብ ባል ያለባትን ሴት «ለልጆችሽ ብለሽ፣ ለሽማግሌ ብለሽ» እያሉ ወደዚያው ቤት መመለስ እርቅ አይደለም። መጀመሪያ ሕይወቷ ይትረፍ። ይቅርታ በልብ ነው፤ አንድ ጣሪያ ሥር መመለስ ሌላ ጉዳይ ነው። ያዕቆብና ዔሳው እንኳ ተቃቅፈው ተላቅሰው ሲያበቁ አንድ ላይ አልኖሩም። ዘፍጥረት 33 ላይ ዔሳው ወደ ሴይር ተመለሰ፣ ያዕቆብ ወደ ሱኮት ሄደ።

አሁን አሁን ቲክቶክ ላይ «ቶክሲክ ሰው ከሕይወትህ አውጣ» የሚል ምክር በዝቷል። ለምትደበደበዋ ሴት እውነት ነው። እኔ ግን ያችን ምክር ሂሳብ ለጠየቀኝ ወንድሜ ተጠቀምኩባት። ጓደኞቼም «ጎሽ፣ ሰላምሽን ጠበቅሽ» አሉኝ። ሰላም ግን አላገኘሁም። ጨጓራዬ ተነሣ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ስለ እሱ ክፉ ወሬ የመጣ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር።

እምቢ ካለስ?

ሊል ይችላል። የጎረቤቴ ልጅ እስካሁን ስልክ አላነሣላትም። ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል። በእናንተ በኩል ነው የሚለው። በተናገራችሁ ጊዜ በእናንተ በኩል ያለው ተፈጽሟል። ደጋግማችሁ እየደወላችሁ አታስጨንቁት፤ ያልታረቀበትን ምክንያት ለዘመድ አታውሩ። ስሙን በጸሎት አንሡ፤ ልደቱን አስታውሱ። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ንስሐ አባታችሁንም አማክሩና ጾሙን በሰላም ያዙ። ኢሳይያስ «እነሆ፥ ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ» ብሎ የወቀሳቸው ጸባቸውን ይዘው የጾሙትን ነው፤ ሰላም ለምነው የተከለከሉትን አይደለም።

ከእርቁ በኋላ

እርቅ በተፈጸመ በሳምንቱ ሁለቱም ሰው ያፍራል። ምን ብለን እናውራ ይላል። ትልቅ ነገር አትፈልጉ። ቋሚ ቀንና ሰዓት ያዙ። እኔና ጋሼ እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንደዋወላለን። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ነው። የበርበሬ ዋጋ እናወራለን፣ የእሱን የጀርባ ሕመም፣ የእኔን ልጅ ፈተና።

ባለፈው እሁድ በጾሙ ምን በላሽ አለኝ። ሽሮ አልኩት። «አባዬ የሚወዳት ነጭ ሽሮ?» አለና ትንሽ ዝም አለ። «ሰው ከተገኘ ላኪልኝ» አለ። ሐሙስ መንገደኛ አገኘሁ። ሁለት ኪሎ ቋጥሬ ሰጠሁት፤ ሚጥሚጣም ጨመርኩበት።