ድባቴ ነው ባይፖላር? ስለ ደም ምርመራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ክረምት ሥራውን ጥሎ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እናታችን ቤት ገባና ተኛ። እህል አይቀምስም። ቡና ሲፈላ አይነሳም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ደም ተወሰደ። እናቴ የውጤቱን ወረቀት ደረቷ ላይ ይዛ «አልሐምዱሊላህ፣ ደሙ ንጹሕ ነው» አለች።

የድባቴ መድኃኒት ታዘዘለት። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። እሱ ግን አልደከመውም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቶ ግቢ ይጠርጋል። ለማያውቀው ሰው ይደውላል። ሰኞ ገበያ ሱቅ ልከፍት ነው እያለ ከጎረቤት ብር ይበደራል። እኛ «አብሽሩ፣ ተሻለው» ተባባልን። ሕመሙ ባይፖላር፣ ማለትም ሰውን አንዴ በድባቴ የሚጥል፣ አንዴ ደግሞ ከልክ በላይ የሚያነሳሳ ሕመም መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ታሪካችንን የሰማ ሁሉ «ይሄ ነገር በደም አይታወቅም እንዴ?» ይለኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አስታማሚ ነኝ። ግን ብዙ ጠይቄያለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ። እኛ የተሳሳትነውን ሌላ ቤተሰብ እንዳይደግመው ልጻፈው።

«ደሙ ንጹሕ ነው» ብሎ መገላገል

የመጀመሪያው ስህተታችን ይሄ ነው። ሐኪም መጀመሪያ የሚያዘው የደም ምርመራ ባይፖላርን የሚፈልግ አይደለም። ድባቴ ወይም ማኒያ (ያ ከልክ ያለፈው መነሳሳት) የሚመስል ሌላ ሕመም እንዳይኖር ነው የሚያጣራው። የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ሰው ይከብደዋል፣ ይተኛል፣ ይተክዛል። ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ ያቅበጠብጠዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ጉልበትና ስሜት ያወርዳሉ። ኤች አይ ቪና ሥር የሰደደ ቂጥኝ አእምሮን ሊነኩ ይችላሉ።

ስለዚህ ውጤቱ ደህና ነው ማለት «ከመረመርናቸው ሌሎች ምክንያቶች አንዱም አልተገኘም» ማለት ነው። ሰውዬው አልታመመም ማለት አይደለም። ድባቴም ባይፖላርም ያለበት ሰው ደሙ ፍጹም ጤናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። «የአእምሮ ነገር ነው፣ ደም ምን ያደርጋል» ብሎ ምርመራውን መዝለል። ታይሮይድ ሆኖ ቢገኝ ሕክምናው ሌላ ነው።

ዜናውን እንደ ተዘጋጀ ምርመራ መቁጠር

ስልክ ላይ «ባይፖላርን በደም ጠብታ የሚለይ ምርመራ ተገኘ» የሚል ነገር ይዞራል። ዜናው ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚነገረው።

በእንግሊዝ አገር የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ያኩብ ቶማሲክና ሳቢነ ባን ያሉበት ቡድን፣ ጥናቱን በ2023 ጃማ ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) መረጃው ከ2018 እስከ 2020 የተሰበሰበ ነው። ከ3,000 በላይ ሰዎች በኢንተርኔት ከ600 በላይ ጥያቄዎችን መለሱ። ከእነሱ ውስጥ ወደ 1,000 የሚሆኑት ጣታቸውን ወግተው፣ ደማቸውን ወረቀት ላይ አንጠባጥበውና አድርቀው እንዲልኩ ተጋበዙ። ከዚያ በደሙ ውስጥ ያሉ ከ600 በላይ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ተለኩ። በቅርብ ዓመታት ድባቴ የተባሉ 241 ሰዎችን ደም ሲያወዳድሩ፣ ባይፖላር የሆኑትን ለመለየት የሚረዱ 17 ጠቋሚዎች አገኙ። ባዮማርከር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጎልቶ የወጣው ሴራማይድ የሚባል የስብ ዓይነት ነው።

አሁን ዜናው ላይ የሚቀረውን ልንገራችሁ። የደሙ ምርመራ ብቻውን መለየት የቻለው ከባይፖላር ሕሙማን እስከ 30 በመቶ የሚሆኑትን ነው። አሥር ሕሙማን ቢቀርቡ በደም ብቻ የሚታወቁት ሦስት ያህሉ ናቸው። ሰባቱ ያመልጣሉ። ውጤቱ የተሻለው ደሙ ከጥያቄዎቹ መልስ ጋር አብሮ ሲታይ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የደም ምርመራው የሐኪሙን ምርመራ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አድርገው አላቀረቡትም።

ይሄ ተስፋ ነው፤ እኔም ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ። ነገር ግን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ገብታችሁ የምታዙት ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ሰዎች ላይ የተገኘ ልኬት እኛ ላይ በደንብ መሥራቱም እዚሁ መፈተሽ አለበት። «የባይፖላር የደም ምርመራ አለን» የሚላችሁ ሰው ካጋጠመ ብራችሁን አታውጡ። መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ጠይቁ።

አንድ ቁጥር አንስቶ መፍረድ

አንዳንዱ ሲአርፒ (ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ከፍ ብሏል፣ ቢዲኤንኤፍ (የአእምሮ ነርቮችን የሚደግፍ ፕሮቲን) ዝቅ ብሏል የሚል ነገር ያነብና ይጨነቃል። ሲአርፒ ጉንፋንም፣ የተበከለ ጥርስም፣ ውፍረትም ከፍ ያደርገዋል። ቢዲኤንኤፍ ደግሞ በድባቴም በባይፖላርም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል ሁለቱን አይለይም። ተመራማሪዎች አሥራ ሰባት ጠቋሚ በአንድ ላይ የሚያዩት አንዱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

ለሐኪሙ የሐዘኑን ታሪክ ብቻ መንገር

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኛ ቤት ትልቁ ጥፋት የተሠራው እዚህ ነው።

ባይፖላር ካለባቸው ሰዎች 40 በመቶ የሚጠጉት መጀመሪያ ድባቴ ነው ይባላሉ። ሐኪሞች ስለሚሰንፉ አይደለም። ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲወድቅ ስለሆነ ነው። ሲበርር ማን ይሄዳል? ጉልበቱ ሞልቶ፣ ሐሳቡ ፈጥኖ፣ ዓለም በእጁ የገባች ሲመስለው «አሞኛል» የሚል የለም። የወደቀበት ጊዜ ደግሞ በሁለቱም ሕመም አንድ ይመስላል። ያው መተኛት፣ ያው ተስፋ መቁረጥ፣ ያው ዝምታ። ልዩነቱ ያለው በፊት ባለፈ ነገር ውስጥ ነው። እሱን ደግሞ የሚያውቀው ቤተሰብ ነው።

ወንድሜ ከመታመሙ ሁለት ዓመት በፊት አሥር ቀን ያህል በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እየተኛ ነበር። አብሮት የተከራየው ልጅ ኋላ ነገረን። ሌሊቱን ሙሉ ያወራል፣ የንግድ ዕቅድ ይጽፋል፣ የወር ደመወዙን በሁለት ቀን ለሰው አድሎ ጨረሰ። እኛ ይሄን «ቸርነቱ» እያልን ስናወራው ነበር። የአባታችን ወንድምም በወጣትነቱ «ለክፎት ነበር» ይባል ነበር፤ ቤት ውስጥ እንጂ ሰው ፊት አይነሳም። ሐኪሙ «በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ «የለም» አለች። ዋሽታ አይደለም። ገመና መሸፈኗ ነው። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ።

ሐኪም የሚፈልገው ይሄንን ነው። ለአንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ከልክ ያለፈ ደስታ ወይም ቁጣ ማኒያ ሊሆን ይችላል። ቀለል ያለውና ሃይፖማኒያ የሚባለው ቢያንስ አራት ቀን ይቆያል። ትንሽ ተኝቶ አለመድከም፣ ወሬ ማብዛት፣ ብር መበተን፣ ያልታሰበበት ትልቅ ዕቅድ፣ ያልተለመደ ድፍረት። ሕመሙ ገና በወጣትነት ከጀመረ፣ ከወሊድ በኋላ ከመጣ፣ ወይም በቤተሰብ ካለ እሱንም ተናገሩ።

ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ቀኑን ካላስታወሳችሁ «ከመውሊድ በፊት»፣ «ከጥምቀት በኋላ» እያላችሁ ጻፉት። አብሮ የሚሠራውን፣ አብሮ የሚኖረውን ጠይቁ። ቤተሰብ ደሴ ሆኖ ልጁ ኮምቦልቻ ከሆነ፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም የማታዩት ብዙ ነገር አለ።

በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከወንዶች 0.6 በመቶ፣ ከሴቶች 0.3 በመቶ በሕይወታቸው ባይፖላር አንድ የተባለው፣ ማኒያ ያለበት ዓይነት እንደነበረባቸው ተገኝቷል። ሕመሙ የፈረንጅ አይደለም ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች የተለዩት በደም ሳይሆን በጥያቄ፣ ደግሞም የሚያውቋቸውን ሰዎች በመጠየቅ ነው።

የድባቴ መድኃኒት በራስ ገዝቶ መዋጥ

«የእህቴ ልጅ በዚህ ዳነ» ተብሎ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ከሰው ይወሰዳል። ባይፖላር ላለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ማኒያ ሊቀሰቅስ ይችላል። አሚትሪፕቲሊንን የመሳሰሉት የቆዩ መድኃኒቶች ላይ ይሄ ስጋት ከፍ ይላል። መድኃኒት ተጀምሮ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ ጠፍቶ ጉልበት ከጨመረ ቶሎ ሐኪሙ ጋ ተመለሱ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በራሳችሁም አትጨምሩ። ጫት የሚቅም ከሆነም ሳትደብቁ ንገሩ። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ማኒያን ይጠራል።

የሊቲየም ምርመራን ከሕመሙ ምርመራ ጋር ማምታታት

ለባይፖላር ሊቲየም የሚወስድ ሰው በየጊዜው ደም ይሰጣል። ይሄ ሕመሙ መኖር አለመኖሩን አይናገርም። በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ልክ መሆኑን ነው የሚናገረው። ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው። ደሙ የሚወሰደው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ኪኒኑን ውጦ መሄድ ቁጥሩን ያበላሻል፤ ብዙ ሰው ይሄን ይዘነጋል። ኩላሊትና ታይሮይድም አብረው ይታያሉ።

ውሃ ሲያንስ ሊቲየም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። የኮምቦልቻ ሙቀት፣ ተቅማጥ፣ ጨው በድንገት መቀነስ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መዋል ሁሉም ያደርጉታል። ረመዳንን መጾም የሚፈልግ ሰው ወሩ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ለወገብ ሕመም ተብለው የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሊቲየምን ከፍ ያደርጋሉ። እጅ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ እርምጃ ከተንገዳገደ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

በሊቲየም ምትክ ቫልፕሮኤት የሚታዘዝላት ሴት፣ ልጅ መውለድ የምትችል ከሆነ፣ አስቀድማ ትጠይቅ። ጽንስ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ውጤት እስኪመጣ ብሎ አደጋውን ማሳደር

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ድባቴ ነው ባይፖላር የሚለው ክርክር ይቆይ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ጸበልም ዱዓም ይቀጥል፤ ግን ሐኪሙን አይተካም። ብቻውን አታስቀምጡት። ፀረ ተባይ፣ ገመድ፣ የተጠራቀመ ኪኒን ካለ ከቤት አውጡ። ሐኪሙ ሲመጣ መጀመሪያ ይሄን ንገሩት፤ «ራሴን አጠፋለሁ ብሏል፣ ይሄን ያህል ቀን አልተኛም፣ ይሄን መድኃኒት እየወሰደ ነው»። ከዚያ ደብተሩን ስጡት።