ዳላስ ላይ ስቶርም ሳይደርስባችሁ ቀድሞ ለማወቅ

ዳላስና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ በተለይ አዲስ የገባችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ያለችውን የደመና ምስል ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ እሷ ካፊያውንም መስታወት የሚያረግፈውን በረዶም አንድ አድርጋ ነው የምታሳየው።

በተለይ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ኖርማን፣ ኦክላሆማ ያለውን የስቶርም ፕሪዲክሽን ሴንተር (ስቶርም ቀድሞ የሚተነብይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ካርታ ክፈቱ፣ ነፃ ነው። አደጋውን ከ1 እስከ 5 ነው የሚያወጡት፤ ደማቅ አረንጓዴው 1፣ ቢጫው 2፣ ብርቱካናማው 3፣ ቀዩ 4፣ ማጀንታው 5፣ ፈዘዝ ያለው አረንጓዴ ተራ ነጎድጓድ ነው። እኔ 3 ካየሁ የማታ ቀጠሮዬን እሰርዛለሁ፣ ግን 2ንም አትናቁት፣ ጣሪያና መኪና የሚጨርስ በረዶ 2 በተባለበት ቀንም ይወርዳል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ራዳር ነው፣ ዝናቡ አሁን የት እንዳለ በቀለም የሚያሳየው ካርታ። እዚህ ስቶርም አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ዳላስን ትታችሁ ዌዘርፎርድና ፎርት ዎርዝ በኩል ያለውን እዩ፣ ምስሉን አንቀሳቅሳችሁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ተከታተሉ፣ ቀይ መሀሉ ወይን ጠጅ እየሆነ ከመጣ በረዶ ሊኖረው ይችላል፣ ደግሞ ራዳሩ ጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ስለሚቀር ከምታዩት በላይ ቀርቧችኋል በሉ። ፀሐይ ሆኖ ዋለ ብላችሁም አትዘናጉ፣ ያ ሙቀት ነው ማታ ስቶርሙን የሚያፈነዳው።

የቶርኔዶ (እየተሽከረከረ ቤት የሚያፈርስ አውሎ ነፋስ) ማስጠንቀቂያ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዎች ከወጣ ሊከሰት ይችላል ማለት ነው፣ ለሰዓታት ስለሚቆይ ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ጫማ አቅርቡ፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖሩ ታች ካለ ጎረቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዋርኒንግ ከሆነ ግን ወይ ራዳር ላይ ታይቷል ወይ ሰው በዓይኑ አይቶታል፣ ቪዲዮ ልቅረፅ ማለት የለም፣ ታችኛው ፎቅ መስኮት የሌለው ባኞ ቤት ወይም ክሎዜት ግቡ። ሳይረኑን ደግሞ አትጠብቁ፣ እሱ ውጪ ላለ ሰው ነው የተሰራው፣ ተኝታችሁ ላትሰሙት ትችላላችሁ፤ ስልካችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ (አይፎን ላይ ኖቲፊኬሽን ውስጥ እታች ነው) የመንግሥት አለርት መብራቱን አረጋግጡ። ከአገር ቤት የመጡ እናት አባት ካሏችሁ አለርቱ ሲመጣ ስልኩ የሚያሰማው ጩኸት ምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ ስልኩ ተበላሸ ብለው እንዳያጠፉት።

ኡበርና ሊፍት የምትሰሩ፣ ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ጋርላንድንና ሮውሌትን የመታው ቶርኔዶ 10 ሰው ገድሏል፣ አብዛኞቹ አይ 30 ሃይዌይ አካባቢ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ ያውም በብርዱ ወቅት፣ ከመሸ በኋላ። ዋርኒንግ ወዳለበት የሚወስድ ራይድ ከመጣ እለፉት፣ ድልድይ ስር መጠለልም አያድንም። ኢንሹራንሳችሁ ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ከሆነ በረዶ ለፈጀው መኪናችሁ አምስት ሳንቲም አይከፍላችሁም፣ እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ ያስፈልጋል፣ እሱንም ስቶርሙ ከተቃረበ በኋላ አንሸጥም የሚሉ ስላሉ ቀኑ ብራ ሳለ ደውሉ።