ሞስት ዋንትድ ፖሊስ ሲበዛ የሚንቀረፈፍበትና የሚጠፋበት ምክንያት፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመኪና እሽቅድምድም ጌም፣ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድን በዩዝድ ዴስክቶፕ ለሚያጫውቱ ጌም ቤቶች ነው፤ በተለይ አስፋልት ገና ላልደረሰባቸው፣ አቧራ ለሚበዛባቸው የከተማ ዳር ሰፈሮች። ገመድ መሰካቱን፣ ራም በደንብ መቀመጡን አይታችኋል ብለን እንጀምር።

ምልክት፦ ብቻውን ሲነዳ ምንም አይልም። ፖሊስ ማሳደድ ሲጀምር ይንቀረፈፋል፣ ሃንግ ያደርጋል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ጌሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ካልሆነ ዊንዶውሱን ፎርማት ያስደርጋል። ሁለቱም ገንዘብና ጊዜ ማቃጠል ነው። ጌሙ ቢበላሽ ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ሲከፈት ወይም ካርታው ሲጫን ነበር የሚወድቀው። ማሳደዱ ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው።

ባዶ መንገድ ላይ ሲነዳ ፕሮሰሰሩ የሚያሰላው ጥቂት መኪና ነው። ሂት 5 ላይ (የፖሊሱ ማሳደድ ደረጃ ሲከብድ) ግን በአንድ ጊዜ የፖሊስ መኪኖቹ፣ ከፊት የሚመጡት ራይኖ የሚባሉት ከባድ የፖሊስ መኪኖች፣ ሄሊኮፕተሩና የመንገድ መዝጊያው ይመጣሉ፤ ነዳጅ ማደያውን አፍርሶ ሲያልፍ ደግሞ ጭሱና ፍርስራሹ ይጨመራል። የእያንዳንዱን ግጭት የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። ሲግል መጀመሪያ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መንቀርፈፉ ይህ ነው። ሙቀቱ ከቀጠለ ኃይሉን ይቆርጣል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ከሆነ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ «ፕሪቪየስ ሻትዳውን ዱ ቱ ተርማል ኢቨንት» የሚል ይጽፋል። ልጆቹ ኤፍ1 ተጭነው ያልፉታል፤ ባለቤቱ አይቶት አያውቅም።

ለማረጋገጥ ሙቀት የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ኤችደብሊው ሞኒተርን፣ ከፍታችሁ ተዉት፣ 10 ደቂቃ ያህል ከፖሊስ ጋር ተሯሯጡ፣ ተመለሱና «ማክስ» የሚለውን ዓምድ አንብቡ። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ትውልድ ባለ ኮር አይ3 እና አይ5 ላይ እስከ 75 ዲግሪ ሰላም ነው። ከ90 ካለፈ ክፈቱት።

ስትከፍቱት የሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት) ክንፎች መሃል ጨርቅ የመሰለ የአቧራ ንጣፍ ታገኛላችሁ። ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ አየሩ ግን አያልፍም። «ፋኑ እየሠራ ነው እኮ» የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት 10 ደቂቃ አሠሩት፤ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ የደረቀው ፔስት፣ ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ። ሂትሲንኩን ወደ ላይ አትጎትቱት፤ መጀመሪያ ግራና ቀኝ በቀስታ አዙሩት። በተለይ የቆዩ ኤኤምዲዎች ላይ ፕሮሰሰሩ ከሂትሲንኩ ጋር ተጣብቆ ከሶኬቱ ይወጣል፣ እግሮቹም ይጣመማሉ። ፋኑን ከሂትሲንኩ ለዩና ንጣፉን በብሩሽ አውጡ።

አየር ለማስነፋት ብዙ ሰው ሳጥኑን ተሸክሞ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል። ክፋት የለውም፤ ግን የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ሆዱ ውስጥ ውሃ ይይዛል። መጀመሪያ መሬት ላይ አስነፉት፤ እርጥበት መትፋቱን ሲያቆም ብቻ ወደ ሳጥኑ አዙሩ፣ ያውም ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት። ፋኑን በጣት ያዙት፤ በነፋሱ ከልኩ በላይ ከዞረ ማቀፊያው ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። በአፍ መንፋት ክልክል ነው፤ ምራቅ ቦርድ ላይ ሲደርቅ ያዝጋል።

አሮጌውን ፔስት ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። በአረቄ የሚጠርጉ አሉ፤ ተዉ። አዲሱን ፔስት መሃል ላይ የምስር ፍሬ ታህል ጠብታ አድርጉ፣ ሂትሲንኩ ራሱ ይዘረጋዋል። ርካሹ ነጭ ፔስት በአጭር ጊዜ ይደርቃል፤ ያተረፋችሁትን ጥቂት ብር ሥራውን በመድገም ትከፍሉታላችሁ። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ አጥብቁ።

አንዱ ጌም ቤት ውስጥ የሁሉም ሳጥኖች ክዳን ወልቆ ነበር፣ «እንዲተነፍስ» ተብሎ። አነስተኛው ኦፕቲፕሌክስ አየር የሚስበው ከፊት ነው፤ የፕላስቲክ መሸፈኛው ነፋሱን ወደ ሂትሲንኩ ይመራዋል። ክዳኑና መሸፈኛው ሲወልቁ ነፋሱ ይበተናል፣ አቧራው እጥፍ ይገባል። ክዳኑን መልሱ። ሳጥኑንም ከመሬት አንሡ፤ ሁለት ብሎኬት ይበቃል። በጋ ላይ በየወሩ አጽዱ፣ ክረምት ላይ ይቀላል።

ፓወር ሰፕላዩን ከውጭ ብቻ አስነፉት። አትክፈቱት። ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይይዛሉ።

ከጸዳ በኋላ ሙቀቱ ወርዶም የሚንቀረፈፍ ከሆነ የግራፊክሱ ነው። ጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ቪዥዋል ትሪትመንትን ሎው፣ የመኪናና የመንገድ ነጸብራቅን ዝቅ፣ አንታይ አሊያዚንግን ዜሮ አድርጉ። ለዚህ ጌም ጂቲ 710 የሚባለው ግራፊክስ ካርድ ከበቂ በላይ ነው። «ባለ 4 ጊጋ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ገንዘብ ሳትከፍሉ ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም እዩት፤ ስሙ የተቀየረ የድሮ ካርድ ከሆነ «ፌክ» ብሎ ይጽፍላችኋል። ደግሞ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ላይ ትልቅ ካርድ አትሰኩ።

ምልክት፦ ሴቩ (የደረሱበትን የሚይዘው ፋይል) ጠፋ፣ ወይም ተበላሽቷል ይላል።

ጌሙ ከማሳደድና ከውድድር በኋላ በራሱ ሴቭ ያደርጋል። መብራት የሄደው በዚያች ቅጽበት ከሆነ ፋይሉ ግማሹ ተጽፎ ይቀራል። ከመብራት የባሰው ግን ፖሊስ ሊይዘው ሲል መኪናዬ እንዳትወረስ ብሎ የኮምፒውተሩን ማጥፊያ ቁልፍ የሚጫን ተጫዋች ነው። ብላክሊስት 3 (የተፎካካሪዎቹ ዝርዝር ላይ ሦስተኛው) የደረሰ ፕሮፋይል በዚህ ሄዷል፤ የጠፋበት ደግሞ ሌላ ልጅ ነው።

የተበላሸ ሴቭ አይጠገንም፤ ኮፒ መያዝ ብቻ ነው መፍትሄው። ዶክዩመንትስ ውስጥ «ኤንኤፍኤስ ሞስት ዋንትድ» የሚለውን ፎልደር ማታ ማታ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ሲበላሽ መልሶ መለጠፍ ነው። ስታብላይዘር ለመብራት መቋረጥ አይረዳም፤ ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልገው፣ ባትሪው ያልሞተ።

ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሴቩ የሚጠፋ ከሆነ ዲፕ ፍሪዝ (ኮምፒውተሩን በተነሳ ቁጥር ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም) ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ዲፕ ፍሪዝን ለጊዜው አጥፍታችሁ የዶክዩመንትስን ቦታ በፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን በኩል ወዳልተቆለፈው ዲ ድራይቭ አዛውሩ።

ቀሪዎቹ

ዲ3ዲኤክስ9 የሚል ፋይል ጎድሏል ካለ የጁን 2010ን ዳይሬክትኤክስ ጫኑ። ዊንዶውስ 10 ዳይሬክትኤክስ 12 አለው ብላችሁ አትከራከሩ፤ የድሮዎቹን ፋይሎች አብሮ አይዝም። ፋይሉን ብቻ ለብቻው ከኢንተርኔት ማውረድ ቫይረስ መጋበዝ ነው።

ኦሪጅናል ዲስኩ ዊንዶውስ 10 ላይ አይነሳም፤ ሴፍዲስክ የሚባለውን መቆለፊያ ዊንዶውሱ አይቀበለውም። ዲስኩ አልተበላሸም፣ አትፈግፍጉት።

ነዳጅ እየሰጠ ወደ ግራ ሲታጠፍ ስፔስ ቢጫን የማይሰማ ኪቦርድ ያልተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ርካሾቹ አንዳንድ ሦስት ቁልፎችን በአንዴ አይቀበሉም። የእጅ ፍሬኑን ወደ ሌላ ቁልፍ ቀይራችሁ ሞክሩ።